አቦልን ሰየምን፤ ቶናውስ?

ሰማይ ላይ «ቡና» የሚባል ኮከብ እንዳለን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ውጤቱን ሲያውጅ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተባለ። ስሙ ደስ ይላል። ግን ወገን፣ ቡና በአቦል ያልቃል እንዴ? ቶናና በረካ የት ሄዱ?

አቦል ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ነው። ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። ችኩል ዘመዶቹን ግን ሳይንስ የሚያውቃቸው «ሙቅ ጁፒተሮች» በሚል ስም ነው፤ ከኮከባቸው ጉያ ተወሽቀው በጥቂት ቀናት የሚዞሩ ግዙፎች። ዋናው ጉዳያችንም እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ የስዊዘርላንድ ሰዎች በ1995 እ.ኤ.አ. አገኙት። የጁፒተርን ግማሽ ያህል የሚመዝነው ይህ ፕላኔት 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ በ4.2 ቀን ይዞራል። የኛው ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት አስታውሱ! ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ግኝት በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ኦቶ ስትሩቭ የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1952 እ.ኤ.አ. «ግዙፍ ፕላኔት ከኮከቡ አጠገብ ሊኖር ይችላል፤ እንፈልገው» ብሎ ጽፎ ነበር። መፈለጊያ መንገዱንም ጠቁሟል። ሰሚ ግን እምብዛም አላገኘም። ብዙዎቹ ሌላው ዓለም ሁሉ የኛን ፀሐይ ቤተሰብ ይመስላል ብለው ገምተው ነበርና፣ ግዙፍ ፕላኔት ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይጠበቅም ነበር። 43 ዓመት የባከነው በመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይሆን በ«አይሆንም» ጭምር ነው።

እኛ ምዕራብ ሸዋ ያለን ወጣቶችም የታመምነው በዚሁ «አይሆንም» ነው እንላለን። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ የደረሰው ልጅ እንኳን ደስ ያለህ ሳይሆን አይዞህ ነው የሚባለው። ሰማይ ማየት ደግሞ የፈረንጅና የሀብታም ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል።

እስቲ ማስረጃውን እንይ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ያየ ሰው፣ አንዱን ፕላኔት የማግኛ ዘዴ አይቷል ማለት ነው። ሙቅ ጁፒተር በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ፕላኔቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ዛሬ ያመለጠው ተመልካች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ዕድል ያገኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. ይህ መጋረድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለካ፣ ከመሣሪያዎቹ አንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ነበር። ከሻይ ሰሃን ያንሳል!

አፍሪካስ? ደቡብ አፍሪካ፣ ሰዘርላንድ ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ዋስፕ ሳውዝ ስምንት የካኖን ካሜራ ሌንሶች ደርድሮ ሙቅ ጁፒተሮችን በብዛት አደነ። ከነሱ አንዱ፣ ዋስፕ 18 ቢ፣ አንድ ዓመቱ 23 ሰዓት አይሞላም።

«ሰው በልቶ ሳያድር ስለ ፕላኔት?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄውን አንንቅም። ነገር ግን የኮከብ ብርሃን የሚለካ ተማሪ የሚማረው መለካትን፣ ስህተትን ማስላትን፣ ኮምፒውተርን ማዘዝን ነው። የእርሻ መሬትን ከሳተላይት ፎቶ ለማንበብም ያው ሙያ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው እኮ አቦል ስሙን ባገኘ በሦስተኛው ቀን ነው። ሳተላይት ገዝቶ ማምጠቅ ይቻላል፤ መረጃውን አንብቦ ለገበሬው የሚያስረዳ ሰው ግን እዚሁ መሠራት አለበት።

የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ተማሪዎችም የተቆረጠ ሌሊት ይኑራቸው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አንድ መጠነኛ ቴሌስኮፕ ከነካሜራው ይግዛና ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ይጠቀምበት። ገንዘብ የለም ከተባለ ደግሞ፣ ቴስ የተባለችው የናሳ ሳተላይት የሰበሰበችው መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ኔትወርክ በመጣበት ሰዓት አውርዶ፣ ኔትወርክ በሌለበት መሥራት ይቻላል።

ያ እስኪሆን ድረስ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ከመንገድ መብራት ራቅ በሉ። የደንዲ ከፍታ ላይ የወጣማ የበለጠ የታደለ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት 51 ፔጋሲን በባዶ ዓይን እንደ ደብዛዛ ነጥብ ማየት ይቻላል። የኛዋ ቡና በባዶ ዓይን አትታይም፤ በቢኖኩላር ግን ትገኛለች። አንድሮሜዳ በተባሉት ከዋክብት መካከል ፈልጓት።

ስም ማውጣት የእንግዳም ሥራ ነው። ባለቤት የሚያሰኘው መፈለግና መለካት ነው። አቦሉ ተጠጥቷል፤ ቶናው ይቀዳ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?