አንሪ ማሲስ በኢትዮጵያ ላይ ያነሣው ብዕር

እ.ኤ.አ. በ1886 በፓሪስ የተወለደው አንሪ ማሲስ ሃይማኖትንና ነባር ሥርዓትን ከለውጥ እንጠብቃለን በሚሉት የፈረንሳይ ወግ አጥባቂ ጸሐፍት ዘንድ ስሙን የተከለው ገና በወጣትነቱ ሲሆን፣ ከአልፍሬድ ደ ታርድ ጋር «አጋቶን» በሚል የጋራ የብዕር ስም የሶርቦንን ዩኒቨርሲቲ አስተምህሮ በመተቸት ታወቀ። በ1920 «ላ ረቪዩ ዩኒቨርሴል» የተባለው መጽሔት ሲመሠረት ዣክ ባንቪል ዳይሬክተር፣ ማሲስ ደግሞ ዋና አዘጋጅ ሆኑ፤ መጽሔቱም የንጉሥ አገዛዝ እንዲመለስ ይታገል ለነበረው «አክሲዮን ፍራንሴዝ» ለተባለው ንቅናቄ ቅርብ ነበር። ማሲስ በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ የምዕራቡ ሥልጣኔ ከምሥራቅ በሚመጣ አስተሳሰብ አደጋ ላይ ወድቋል ሲል ተከራከረ።

ይህ ክርክር በመጽሐፍ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ኢትዮጵያውያንን እምብዛም ባልነካ ነበር። ነገር ግን የኢጣሊያው መሪ የሙሶሊኒ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን በጀመረ ማግሥት፣ «ለ ታን» የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ማሲስ ያረቀቀውንና ከ60 በላይ ምሁራን የፈረሙበትን የአቋም መግለጫ ይዞ ወጣ። መግለጫው በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ፣ ማለትም የንግድና የገንዘብ ቅጣት፣ እንዳይጣል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ያልሠለጠኑ ነገዶች ስብስብ ስለሆነች ከኢጣሊያ ጋር በእኩል ልትታይ አይገባም የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ ክርስትናንም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ ከመጠመቁ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ተቀብላለች። ክርስቲያናዊ ሥልጣኔን እጠብቃለሁ የሚል አዘጋጅ እንዲህ ያለችውን ሀገር ለወራሪ አሳልፎ መስጠቱ በራሱ መመዘኛ እንኳ ሲታይ ክህደት ነው።

የዘመኑ አስተሳሰብ እንዲህ ነበር ብሎ ማሲስን ነጻ ለማውጣትም አይቻልም። ቀድሞ በ«ላ ረቪዩ ዩኒቨርሴል» የፍልስፍናውን ክፍል ይመራ የነበረው ካቶሊካዊው ፈላስፋ ዣክ ማሪታን፣ ከኢማኑኤል ሙኒዬና ከሌሎች ካቶሊኮች ጋር ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ለፍትሕና ለሰላም የቆመ ተቃራኒ መግለጫ አወጣ፤ ማሲስና ማሪታን አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ትምህርትና አንድ የሥራ ገበታ ተካፍለው ሳለ አንደኛው የተበዳዩን ጩኸት ሰማ፣ ሌላኛው ጆሮውን ደፈነ። የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለው ማዕቀብ በኅዳር ቢጀምርም ለወራሪው ጦር እጅግ አስፈላጊ የነበረውን ነዳጅ ዘይት ሳይነካ ቀረ፤ የመርዝ ጋዝ በሰሜን ግንባር ወረደ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች።

ማሲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረውን የቪሺን መንግሥት ያገለገለ ሲሆን፣ ይህም ሁሉ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1960 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በኦሃዮዋ ኮሎምበስ፣ በፎረስት ፓርክና በአካባቢው ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ስለ ማይጨው ጦርነት ሲያስተምሩ፣ ከወራሪዎቹ ጄኔራሎች ከባዶሊዮና ከግራዚያኒ ስም ጋር የማሲስን፣ ከወዳጆችም ስም ጋር የማሪታንን እንዲያነሡ ያስፈልጋል።