ደም ካልፈሰሰስ?

ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ በየኳስ ሜዳው የሚነሳው ጠብ ሁሉ “ድብደባ” ይባላል። ሕጉ ግን እንዲህ በጅምላ አይጠቀልለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ “እገልሃለሁ” ብሎ ዳኛን ማሸበርን፣ እጅ ባይሰነዘርም፣ ዛቻ ይለዋል (አንቀጽ 580)። በጥፊ መትቶ ሰንበርና እብጠት ብቻ ማድረስ እጅ እልፊት ነው (አንቀጽ 560)። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ከበድ ሲል እስከ ሦስት ወር እስራት። 300 ብር ዛሬ ደህና ማሊያም አይገዛ! አጥንት ከተሰበረ ግን ነገሩ የአካል ጉዳት ይሆናል፤ ከባዱ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ታዲያ “ደም ካልፈሰሰ ክስ የለም” የሚሉት ደጋፊዎች ተሳስተዋል። እጅ እልፊት የሚያስከስሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ነውና፣ በጥፊ የተመታው ዳኛ “ይቅር” ብሎ ወደ ቤቱ ከገባ መቺው በቀጣዩ ሳምንትም እዚያው ሜዳ ዳር ይቆማል።