ነጥብ ነጥብን አይሸፍን!

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ያለመ ነው። የሕፃናት ዕድሜ በወር፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር ሆኖ በኮምፒዩተር ግራፍ ሲሣል ግን ብዙ ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ቀለሙ ድፍን ከሆነ አሥር ሕፃን አንድ መስሎ ይታያል። ታዲያ ይሄ ምኑን ማስረጃ ሆነ?

መላው ቀላል ነው። በአርም ሆነ በፓይተን፣ ትእዛዙ ላይ አልፋን 0.2 ማድረግ ይበቃል። አንዱ ነጥብ እንደ ነጠላ ይሳሳል፤ አራት ሲደራረብ እንደ ጋቢ ይወፍራል፤ ድፍንነቱም 59 በመቶ ያህል ይደርሳል። ከሃያ በላይ ከተደራረበ ግን ልዩነቱ ስለሚጠፋ አልፋውን ዝቅ ማድረግ ያሻል።

እኛ እጩ መምህራን ድፍን ነጥብ ይብቃ እንላለን! ከነጥቡ ሥር የተሸፈነው የዋግ ልጅ ነውና።