የገረሴ እናቶችና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች

የሥነ ሕይወት ትምህርት በዛሬው ዘመን ሕይወት ያለውን ነገር ከመመርመር አልፎ፣ መሐንዲስ ድልድይ እንደሚነድፍ ሁሉ ረቂቅ ተሐዋስያንን ነድፎ ወደ መሥራት ደርሷል። ይህንንም ሲንተቲክ ባዮሎጂ ይሉታል። በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለተማሪዎች በክፍል ትምህርትነት የተጀመረው አይጄም በተከታዩ ዓመት በአምስት ቡድኖች መካከል ውድድር ሆነ፤ ዛሬ ከብዙ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ይወዳደሩበታል። ከውድድሩ ደንብ እኛን ያስደሰተን አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቹ የሚመዘኑት በሠሩት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሥራው የሚነካውን ሕዝብ አማክረው እንደ ሆነና ምክሩም አሳባቸውን እንዴት እንደ ለወጠው ይጠየቃሉ።

ይህን ደንብ ወደ ጋሞ ደጋ፣ ወደ ገረሴ ወስደን እንየው።

በዚያ አገር እንሰትን የሚፍቁት፣ ሥሩን የሚከተክቱት፣ በቅጠል ጠቅልለው በጉድጓድ የሚያብላሉት እናቶች ናቸው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በጋሞ ደጋ ቆጮ ሲብላላ በመጀመሪያ ሌውኮኖስቶክ፣ ኋላም ላክቶባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች እንደሚበረቱ አሳይተዋል። እንግዲህ እናቶቹ እነዚህን ፍጥረታት በስም ሳያውቋቸው ለዘመናት ሲያሠሯቸው ኖረዋል ማለት ነው።

አሁን አንድ የተማሪዎች ቡድን ቆጮው ቶሎ እንዲደርስ ባክቴሪያውን ላሻሽል ብሎ ቢነሣ አሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን መዘግየቱ ጉድለት ነው ያለው ማን ነው? በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ነው። ምናልባት እናቲቱን የሚያደክማት መጠበቁ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መፋቁ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልጋት ባክቴሪያ ሳይሆን ጥሩ መፋቂያ ነው። ወይም ጭንቀቷ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንሥኤውን የገለጹት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይሆናል። ይህ በሽታ በቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይሻገራል፤ ስለዚህ ቢላዋው ከየትኛው ጓሮ ወደ የትኛው እንደሚሄድ የምታውቀው ሴት ሳትጠየቅ የሚጀመር ጥናት ከወዲሁ ጎዶሎ ነው።

«ሕዝቡን አማክረናል» የሚለውን ቃል ግን እንጠረጥረዋለን። ብዙ ጊዜ ማማከር ማለት ሰውን አዳራሽ ሰብስቦ፣ ሁለት ሰዓት ንግግር አሰምቶ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ መሄድ ሆኗል፤ በሪፖርቱም ላይ የተሰብሳቢው ቍጥር እንጂ የተናገረው አይገኝም። ጋሞ ስምምነት እስኪገኝ የሚመክርበት ዱቡሻ አለው፤ ተማሪዎች ትዕግሥትን ከዚያ ቢማሩ እንወዳለን። ዱቡሻም ቢሆን በልማድ ይበልጡን የወንዶች ሸንጎ ስለ ሆነ፣ የቆጮው ጥያቄ ጉድጓዱ አጠገብ ወርዶ መጠየቅ አለበት።

ወጣት ሹማምንትም አንድ ነገር ያስቡ። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ዕውቀቱ ከመወሰዱ በፊት ፈቃዱን እንዲጠየቅ፣ ከጥቅሙም እንዲካፈል መብት ሰጥቶታል። ከገረሴ ጉድጓድ አንድ ማንኪያ ቆጮ በብልቃጥ ይዞ መውጣት ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ፈቃዱ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የተገኘውም ውጤት ወደ ውጭ መጽሔት ከመላኩ በፊት በጋሞ ቋንቋ ለእናቶቹ ይነገራቸው፤ እነርሱም ከወደዱ ስማቸው ከአጥኝዎቹ ስም ጋር ይጻፍ።