ደዌ ከመናገሩ በፊት

ሰው ጤንነቱን የሚያስበው ሥጋው በሕመም ከጮኸ በኋላ ነው፤ ሐኪሙም የሚመሰገነው ከሞት ጋር ሲታገል በታየ ጊዜ እንጂ፣ ሕመም የሚባል ነገር ገና ሳይሰማ በትጋት ሲጠብቅ አይደለም። ይህ ልማድ ከጥንት ጀምሮ በአሕዛብ ሁሉ ዘንድ የጸና ስለ ሆነ ጥፋትነቱን የሚጠረጥር እምብዛም የለም፤ ዳሩ ግን ካንሰር የሚባለው ደዌ በሰው አካል ውስጥ ከሚቀመጥበት ዘመን የሚበዛውን በዝምታ የሚያሳልፍ፣ ሕመሙም በተሰማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከተፀነሰበት ብልት አልፎ ወደ ሌላው የተዛመተ በመሆኑ፣ የዚህን ልማድ ዋጋ አክብዶ ያስከፍለናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው የወደድሁት፣ የሕይወቱን ድካም ለእነዚያ ስውር ዓመታት ምርመራ የሰጠውን፣ እኔም በዘመናችን ከተነሡት የሕክምና ሊቃውንት አብልጬ የማከብረውን ሳንጂቭ ሳም ጋምቢርን ነው።

ጋምቢር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ አገር በአምባላ ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱም ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአሪዞና በፊኒክስ ከተማ አደገ። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ተምሮ በ1983 ከተመረቀ በኋላ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናን ትምህርትና ለሕያዋን ፍጥረታት ጥናት የሚያገለግለውን የሒሳብ ትምህርት አንድ ላይ በመያዝ በሁለቱም የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ይህን የትምህርቱን መንገድ በጥቂቱም ቢሆን ማስታወሴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐኪም ከመሆኑ አስቀድሞ መለካትን የተማረ ሰው ስለ ነበረ፣ በኋላ ዘመን ሌሎች «ቶሎ መመርመር መልካም ነው» ብለው በሚያልፉበት ስፍራ እርሱ «ምን ያህል ቶሎ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም በቍጥር የሚሻ ሆነ።

የመጀመሪያው የታወቀ ሥራው ሕያው አካልን ሳይቀዱ ውስጡን ስለ ማየት ነበር። ፔት የሚባለው መሣሪያ ጨረር የሚሰጥ ጥቂት ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ገብቶ ወዴት እንደ ተከማቸ ከውጭ ሆኖ የሚያሳይ ሲሆን፣ ጋምቢርና ባልንጀሮቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት በዚህ መሣሪያ አማካይነት፣ በሕይወት ባለች አይጥ አካል ውስጥ የገባ አንድ ዘረ መል ሥራውን ሲሠራ ለማየት ቻሉ። በ2003 ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በዚያም እናቱ በዘገየ ምርመራ ምክንያት በእንቁልጢ ካንሰር የሞተችበት ዶን ሊስትዊን የተባለ ባለጸጋ ካቋቋመው የካናሪ ፋውንዴሽን ጋር ተባብሮ፣ ካንሰርን በጅማሬው ለማግኘት ብቻ የቆመ የምርምር ማዕከል መሠረተ። የጄት ሞተር በበረራ ላይ ሳለ በብዙ ሴንሰር እየተጠበቀ፣ ክቡር የሆነው የሰው አካል ግን እስኪሰበር ድረስ የሚመለከተው የሌለ መሆኑን ጋምቢር ደጋግሞ ይናገር ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን እጅግ የመሰጠኝ ግን መሣሪያም ጨረርም የሌለበት፣ በሒሳብ ብቻ የተሠራው የ2011 ጥናቱ ነው። ከባልደረባው ከሳሮን ሆሪ ጋር ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንዲት የእንቁልጢ ሕዋስ ወደ ካንሰርነት ከተለወጠችበት ቀን ጀምሮ፣ በዘመኑ የነበረው የደም ምርመራ ሊያገኛት የሚችለው ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው? ታናሽ ዕጢ ወደ ደም የምታፈስሰው ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት በ5 ሊትር ያህል ደም ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያም ላይ ጤነኛው አካል ያንኑ ፕሮቲን በመጠኑ ስለሚያመነጭ፣ የዕጢዋ ድምፅ በጤነኛው ሁከታ ውስጥ ይሰጥማል። ሒሳቡ የሰጠው መልስ ዕጢዋ ከ10 ዓመት በላይ ተሰውራ ልትኖርና ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ልትሰፋ እንደምትችል ነው። ይህን ያነበበ ሰው፣ ካንሰር በድንገት የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን ለብዙ ዘመን አብሮን የሚበላና የሚጠጣ መሆኑን ተረድቶ ሳይደነግጥ አይቀርም።

አካሉ በራሱ የሚሰጠው ምልክት ይህን ያህል ደካማ ከሆነ፣ የቀረው መንገድ ምልክት የሚያወጣ መልእክተኛ ወደ ውስጥ መላክ ነው፤ ናኖ ሕክምና የሚባለው ረቂቅ ጥበብም ለጋምቢር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው፤ በዚህ ልክ የተሠራ ቅንጣት ከሰው ጠጕር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ የሚያንስ በመሆኑ በደም ሥር ይጓዛል፣ የዕጢው የደም ሥሮች ቀዳዳ የበዛባቸው ናቸውና በእነርሱ በኩል ሾልኮ ይገባል። ጋምቢርና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ሥራ፣ ውስጡ ወርቅ፣ ልባሱ ሲሊካ፣ ላዩ ጋዶሊኒየም የሆነ አንድ ቅንጣት በሦስት መንገድ እንዲታይ ያደረጉበት ነው፤ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት በኤም አር አይ፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ደግሞ በብርሃን በሚቀሰቀስ ድምፅና ራማን በተባለው የብርሃን ምርመራ። ይህን በአይጦች ላይ የፈተኑት ግሊዮብላስቶማ ለሚባለው የአንጎል ካንሰር ነበር፤ ያ ደዌ በጤነኛው አንጎል መካከል እንደ ሥር ስለሚሰራጭ፣ ቀዶ ሐኪሙ ወዴት መቍረጥ ወዴት መተው እንዳለበት በዓይኑ ሊለይ አይችልምና።

በሚከተለው ዓመት፣ በ2013፣ የጋምቢር የ14 ዓመት ልጅ ታመመ፤ ደዌውም ያው ግሊዮብላስቶማ ሆኖ ተገኘ። አባቱ በዓለም ላይ ስለዚህ ደዌ ምርመራ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ነበረ፤ የሠራው ቅንጣት ግን ከአይጥ ወደ ሰው ገና አልተሻገረም ነበር። ልጁ በ2015 በ16 ዓመቱ ዐረፈ። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ያቀረበውን ጥያቄ ማንም አባት በዚህ ስፍራ ቢያቀርበው ማንም አይፈርድበትም፤ ጋምቢር ግን ወደ ምርምር ቤቱ ተመለሰ። በ2018 በደም ሥር ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚገባ ማግኔታዊ ሽቦ፣ ናኖ ቅንጣት የተጣበቀባቸውን የካንሰር ሕዋሳት ከሚፈስሰው ደም ለቅሞ እንደሚያወጣ በአሳማ ላይ አሳየ፤ በ2020ም ሰገራንና ሽንትን በየዕለቱ የሚመረምር መጸዳጃ መሥራቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በጁላይ 18 እርሱም በካንሰር በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

ቅድመ ምርመራን የሚነቅፉ ሊቃውንት አሉ፤ ነቀፋቸውንም ችላ ማለት አይገባም። በደቡብ ኮሪያ ብዙ ሕዝብ በአልትራሳውንድ በመመርመሩ የታይሮይድ ካንሰር ተገኘባቸው የተባሉት ሰዎች በ1993 እና በ2011 መካከል 15 እጥፍ ያህል ሲበዙ፣ በዚያ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቍጥር ግን አልቀነሰም፤ ይህም ብዙዎቹ ፈጽሞ የማይጎዳቸውን ነገር ለማስወጣት በምላጭ ሥር እንዳለፉ ያስረዳል። በብሪታንያም ከ200,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት የእንቁልጢ ካንሰር ጥናት በ2021 ሲፈጸም፣ ደማቸው በየዓመቱ የተመረመረ ሴቶች ካንሰራቸው ቀደም ብሎ መገኘቱን፣ ነገር ግን በእርሱ የሚሞቱት አለመቀነሳቸውን ገለጸ። ብዙዎች በዚህ ተስፋ ቆረጡ፤ እኔ ግን ውጤቱ ከዚያ 10 ዓመት አስቀድሞ የጋምቢር ሒሳብ የተናገረውን ያጸና ይመስለኛል፤ ቀደም ብሎ የተገኘው ካንሰር ገና በሚገባው ልክ አልቀደመምና። የኮሪያውም ነገር የሚጠይቀው፣ የተገኘው ዕጢ የሚገድል ይሁን የሚያንቀላፋ የሚለይ ምርመራ ነው እንጂ ዓይንን መጨፈን አይደለም።

የቅድመ ምርመራ ጥበብ ሁሉ ወርቅ የሚጠይቅ እንዳይመስለን ደግሞ ወደ አገራችን መመልከት ይበቃል። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ወደ አካል ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ለመብሰል 10 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ፣ ስፍራውም በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ፣ በጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ የኮምጣጤ ባሕርይ ያለውን አሴቲክ አሲድ ቀብታ ጥቂት ደቂቃ ብትጠብቅ የተለወጠው ስፍራ ነጥቶ ይታያታል፤ ሕክምናውንም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ትሰጣለች። በ2018ም ይህን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። እንዲህ ያለው ዕድል ያላቸው እናቶቻችንና እኅቶቻችን ሕመም ሳይሰማቸው አስቀድመው ወደ ምርመራ እንዲሄዱ እያንዳንዳችን በየቤታችን ልንናገር ይገባናል። ለእንቁልጢ፣ ለቆሽትና ለአንጎል ግን በኮምጣጤ የሚነጣ ገጽ የለም፤ ለእነርሱ የሚሆነው መልእክተኛ ገና በምርምር ቤት ነው፤ ጋምቢር ያሠለጠናቸውም ተመራማሪዎች ከአይጥ ወደ ሰው ሊያሻግሩት ይደክማሉ።