የማድቤት ሙያችን ከእኛ ጋር አገር ይግባ



ስንገናኝ የምናወራው በአብዛኛው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ቤተሰብ ናፍቆት ነው። ዛሬ ግን በእጃችን እያለ እንደ ሙያ ስላልቆጠርነው ነገር እንነጋገር፤ ይኸውም አትክልትና ፍራፍሬ ሳይበላሽ ማቆየት ነው።

እንደሚታወቀው በኩዌት የአትክልት ወቅት ብርዱ ነው። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በደቡብ ከወፍራ፣ በሰሜን ከአብደሊ እርሻዎች ቲማቲሙ፣ ኪያሩና ቃሪያው በካርቶን ይገባል። በጋው ሲመጣ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 በሚትሪባ የተለካው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በዚህ ሙቀት በግቢ ውስጥ የሚተርፈው ቴምርና ከናር ነው። ከናር የሚሉትም የእኛው ቁርቁራ ነው። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች ቱርሺ ያስጥላሉ፣ ከቀይ ቃሪያ መዓቡጅ ያሠራሉ፣ ሎሚውን በጨው ውኃ አስቀቅለው በፀሐይ ያስደርቃሉ። ስሙንም እንደኛው «ሎሚ» ነው የሚሉት። ታዲያ የሚያጥበው፣ የሚከትፈውና በብልቃጥ የሚሞላው የማን እጅ ነው? ሳልሚያም እንሁን ጃብሪያ፣ ጃህራም እንሁን ፊንጣስ፣ የእኛው እጅ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። እናቶቻችን በርበሬውን በሰሌን ላይ አስጥተው ለዓመት ያቆዩ ነበር። ሲልጆው፣ አዋዜውና ዳታው ሁሉ የማቆየት ጥበብ ነው። በጉራጌና በሲዳማ እናቶች ከእንሰት የሚያዘጋጁትን ቆጮ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ቀብረው ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ያኖሩታል። እንግዲህ የእናታችን ሙያና የማዳም ቤት ሙያ በእኛ እጅ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ይህን ሙያ በደብተር ጽፈን አገር ይዘነው እንግባ። በፎገራና በመቂ ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፣ ከፊሉም ይበሰብሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይወደዳል። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት ለባለሙያ ሴት እንጀራ ነው። የላክነው ገንዘብ በቤት ኪራይና በትምህርት ቤት ክፍያ ያልቃል፤ በእጅ ያለ ሙያ ግን አያልቅም።

«ማድቤት ሰልችቶኛል፤ አገሬ ስገባ ድስት ማየት አልፈልግም» የምትል እህት አትጠፋም። እውነቷን ነው፣ አንፈርድባትም። ይሁን እንጂ ለሌላ ሰው ታዝዞ መሥራትና በራስ ስም መሥራት አንድ አይደሉም። ያደከማት ሙያው ሳይሆን ዕረፍት ማጣቱ እንዳይሆን ታስብበት።

ሙያ ከሆነ ደግሞ በልክ ይሁን። በጨው ለሚጣል ቱርሺ ለ1 ሊትር ውኃ ወደ 50 ግራም ጨው፣ ማለትም 3 የሾርባ ማንኪያ ግድም ይበቃል፤ አትክልቱ ከውኃው በላይ ብቅ ካለ ይሻግታል። በርበሬ ሲታጠፍ የሚሰበር እስኪሆን ሳይደርቅ በላስቲክ አይታሰር፤ የሻገተውንም ጠርጎ መፍጨት መርዝ መብላት ነው። ባሚያ ወይም ፋሶሊያ ያለ አቼቶ በብልቃጥ ቀቅሎ አሽጎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ፣ ነጭ ሽንኩርትንም በዘይት ነክሮ እንዲሁ ማቆየት አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው መርዝ ጠረኑም መልኩም ሳይለወጥ ሰው ይገድላል። እነዚህን በፍሪዘር ማቆየት ይሻላል። ብልቃጥ ስናጥብም ክሎርና አቼቶን ፈጽሞ አንቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው። የወፍራ ቲማቲም በካርቶን የገባ ዕለት ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅበት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱም የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይደነግጋል። በርበሬ መቀንጠስም ሆነ ቴምር መልቀም ሥራ ነው፤ ከ12ቱ ሰዓት ይቆጠራል። ማዳምን በመልካም ቃል «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ላድርገው» ማለት ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ቲማቲሙ ረክሶ በሚገኝበት ወቅት ነው። ፍሪጁ በሥጋ በተሞላ ቤት የምትጾም እህት አንድ ብልቃጥ የቲማቲም ድልህ ብታኖር ደረቅ ዳቦ ብቻ በልታ አትውልም። ነገር ግን ለራሳችን የምናኖረውን ሁሉ በግልጽ አስፈቅደን እናኑር። ሳይጠየቅ በተወሰደ አንድ ኪሎ ቲማቲም «ሰረቀች» መባል ይመጣልና።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ አባቶች። ለማድቤቱ ማድረቅ መልካም ነው፤ ለመማር ግን እርጥቡ ዛሬ ነው። እህቶች፣ የምታውቁትን አሠራር በሚቀጥለው ስንገናኝ በወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አንዳችን ለአንዳችን እናስተምር። እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።