ካሜራው ሳይሆን መብራቱ ይቅደም

ልጆች የአያቶቻቸውን ታሪክ በቪዲዮ ለመቅረጽ መነሣታቸው እጅግ ያስደስተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በሱዳን በኩል ሲመጡ የ40 ዓመት ጎልማሶች የነበሩ ወላጆቻችን ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆነዋልና ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም። ሆኖም ከተቀረጹት ብዙዎቹን ስንመለከት ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ ግን የለም። የሳሎኑ ነጭ ግድግዳ ያበራል፣ ነጠላው ያበራል፣ እናታችን ግን ጥላ ሆነው ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። በመንገድ ስለቀሩት ልጆቻቸው ሲናገሩ ያነቡ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ይህ የቆዳችን ጥፋት አይደለም። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚወስደው በፊቱ ያለውን ብርሃን አማካይ ነው። ነጭ ነገር ሲበዛበት ሥዕሉን በሙሉ ያጨልመዋል። በፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ፊልሙ ቡናማውን ቀለም በደንብ እንዲያወጣ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ይገኙበታል። ከሰው ፊት የቸኮሌት አቤቱታ ቀድሞ መሰማቱ ይገርማል!

ወጣቶቻችን ጥቂት ገንዘብ ሲያገኙ የሚሮጡት ወደ አዲስ ካሜራ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል፤ የጎደለው ብርሃን ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው መስኮት ነው። ሽማግሌውን ለመስኮቱ ጀርባቸውን አሰጥታችሁ ሳይሆን መስኮቱን ከጎናቸው አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። በሌላው ጎን ልጆች ለትምህርት ቤት ሥራ የሚገዙትን ነጭ ካፓ አቁሙ፤ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል። ከዚያም በስልኩ ላይ ፊታቸው ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ልኩ በዚያ ይቆለፋል። ነጠላቸው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም።

ለማታ መብራት መግዛት የግድ ከሆነ፣ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር አያታልላችሁ። ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ዋት ያለውን አሮጌ አምፖል ይተካል» ማለት ብቻ ነው። ሲ.አር.አይ. የሚባለውን ቁጥር ፈልጉ። ይህ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ የሚለካ ሲሆን ከፍተኛው 100 ነው። የተለመደው የቤት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል 80 አካባቢ ነው። ለሰው ፊት 95 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ ቀዩ ቀለም ይጎድልና ጠይሙ ፊት አመድ የነፉበት ይመስላል። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ዕቃ ሻጩ ምንም ያህል ቢያመሰግነው ተዉት። ቁጥሩን የሚያሟላ ትንሽ የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳ ከርካሽ ስልክ ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ስፋት ነው። ለጥቁር ቆዳ ብርሃን ማብዛት ሳይሆን ብርሃን ማስፋት ይጠቅማል። የፊታችን ቅርጽ የሚታየው ቆዳው በሚያንጸባርቀው ብርሃን ስለሆነ፣ ትንሽ መብራት ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ይተክላል፤ ሰፊ መብራት ግን ጉንጩንና ሽብሽቡን ሁሉ በለስላሳው ይስላል። ስለዚህ መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት፤ ቅድም የከሰስነው ግድግዳ እዚህ ይክሰናል። ወይም በመካከል ነጭ አንሶላ ዘርጉ። ርቀቱንም አትናቁ። መብራቱ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲርቅ ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ማቅረብ ደግሞ ዋጋ የለውም። ይህ ስለ ኤል.ኢ.ዲ. ነው እንጂ የግንባታ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት 500 ዋት ሃሎጅን እጅግ ስለሚግል አንሶላ ያቃጥላል፤ ከአረጋውያን ፊትም ሆነ ከልጆች አጠገብ አይቁም።

ወጣቶች የሚወዱትን ቀለበት መሳይ መብራት ለሽማግሌ አንመክርም። በመነጽር ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ዓይንንም ይወጋል። መብራት ፊታቸው ላይ የተደቀነባቸው ሰው በፖሊስ ፊት የቀረቡ ይመስላቸዋል፤ የሁለት ሰዓቱን ታሪክ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱታል።

ሌላው ቀላል ነው። የመስኮት ብርሃን ሰማያዊ፣ የሳሎን አምፖል ቢጫ ስለሚሆን አንዱን ምረጡ፤ አምፖሉን አጥፉ ወይም ትሪሱን ዝጉ። ሥዕሉ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ የአገሩ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነውና የካሜራውን ፍጥነት 1/50 አድርጉት።

በስግድ ቀን መብራት አያስፈልግም፤ ግን ቄሶቻችን በጃንጥላ ሥር ጥላ ውስጥ፣ ከኋላቸው ሰማዩ እያበራ ይቆማሉ። ያው ነጭ ካፓ በአንድ ልጅ እጅ፣ ከደረት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊታቸው ዘንበል ቢል ይበቃል። ጸሎቱን እንዳይረብሽ ግን ፈቃድ ይጠየቅ።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይግዛ አንልም። ስድስት ልጆች የምታሳድግ እናት ሌላ ወጪ አለባት። ማትናሶች ግን አንድ ውድ ካሜራ ገዝተው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቆልፉ፣ ሁለት ሰፋ ያሉ መብራቶች ከነማቆሚያቸው ገዝተው እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያውሱ። እሑድ የወሰደ ቤተሰብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ይመልስ። የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። በየሰፈራችሁ ላለው ማትናስ ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በዕብራይስጥ መጻፍ ለሚቸግራቸው ወላጆች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።